ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት የጾም ቀን ቁጠሩ

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ ወይም ሸኖ ላይ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ለመክፈት ገንዘብ የምታሰባስቡ ብዙ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስንገናኝ የምትጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ማሽኑ ስንት ነው?» የሚል ነው። እኛም አራት ሆነን ስንጀምር ከዚሁ ጥያቄ ተነስተን ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ ከፍለንበታል። እናንተ ያንኑ ዋጋ እንዳትደግሙት የተሳሳትንበትንና ያቃናንበትን ከመነሻው ጀምሬ አስቀምጣለሁ።

ከማሽኑ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ የዓመቱን የጾም ቀናት ቁጠሩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የገና ጾም 43፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3። እነዚህ ብቻ 116 ቀን ይሆናሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም እሱን እንተወው። ከቀረው 199 ቀን ውስጥ ረቡዕና ዓርቡ ወደ 57 ቀን ነው። ድምሩ 173 ደረሰ፤ ርዝመቱ በየዓመቱ የሚለያየውን የሰኔ ጾም ገና አልነካነውም። ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ያለው ደንበኛችሁ ከዓመቱ ግማሽ ለሚጠጋው ጊዜ ወተት አይቀምስም ማለት ነው። የእኛ የቢዝነስ ፕላን ግን «በቀን 200 ሊትር» የሚለውን በ365 አባዝቶ ነበር የሚነሳው። ፕላኑን ያዩ ሰዎች ሁሉ ጾመኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን «ሁዳዴ የት ገባ?» አላሉም።

በዚህ ላይ የላሞቹ ወራት አለ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲጠግብ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወተት ይትረፈረፋል፤ ልክ በዚያው ሰሞን ኅዳር 15 የገና ጾም ይገባል። ፋሲካ አልፎ ሰው ሁሉ ወተትና እርጎ ሲፈልግ ደግሞ ድርቆሹ አልቆ፣ የበልጉ ሣር ገና ለጥጋብ ሳይደርስ፣ ላሙ የሚሰጠው ወተት ከዓመቱ ትንሹ ይሆናል። ወተቱ ሲኖር ጠጪ የለም፤ ጠጪው ሲመጣ ወተቱ የለም። የዚህ ሥራ ዋና ችግር ይህ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማሽኑም ብድሩም ሠራተኛውም፣ ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚታሰብ ነው።

ስለ አጋርነት ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። አራት ጓደኛሞች ለየራሳችሁ 25 በመቶ ተካፍላችሁ አትፈርሙ። ከአራት አንዱ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ሥራ አግኝቶ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ድርሻው ግን እዚያው ይቀራል፣ የሚሠሩት ሦስቱ ለማይሠራው ሰው ሲለፉ ይከርማሉ። የሚሻለው ድርሻው በ48 ወር ቀስ በቀስ እንዲገኝ መዋዋል ነው። ዓመት ሳይሞላው የወጣ ምንም አይወስድም፤ ዓመት ሲሞላው የ12ቱን ወር፣ ከ48 አሥራ ሁለት እጅ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ከ48 አንድ እጅ ይጨመርለታል። በ18ኛው ወር የወጣ ሰው ከ25 በመቶው 9.4 ገደማ ይዞ ይሄዳል፣ ቀሪውን የቀሩት በተመዘገበበት ዋጋ መልሰው ይገዛሉ። ይህን ከመመሥረቻ ጽሑፉ ውጭ በተለየ ውል፣ በሕግ ባለሙያ አጻፉት። ሐሳቡ የአንድ ሰው ከሆነ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሚፈቅድ፣ ለቁጥር ማሟያ ብላችሁ ሰው አታስገቡ።

ቀጥሎ ሙከራ ነው። ያለ ማሽን ለስምንት ሳምንት በቀን 20 ሊትር ሽጡ። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ድስት ነው፤ ትልቁ ውሃ ይይዛል፣ ትንሹ ወተቱን ይዞ ውስጡ ይቀመጣል። አንድ ጥሩ ቴርሞሜትርና የሚያማስል ሰው ጨምሩ። ወተቱ 63 ዲግሪ ሲደርስ 30 ደቂቃ ሙሉ እዚያው ጠብቁት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቶሎ አብርዱት። ከስምንቱ ሳምንት ሁለቱ የግድ በጾም ላይ ይዋሉ። በፍስክ ወር ብቻ የተደረገ ሙከራ ያታልላችኋል፣ የቅበላ ሳምንት ገበያ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ያን ሳምንት ያየ ሰው ማቀዝቀዣውን በእጥፍ ያዛል።

ስለ ቴርሞሜትሩ አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉልኝ፤ ሰው ሊያሳምም የሚችል ስህተት ነው። መመሪያዎች «ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውሃ ፈትሹት፣ 100 ማሳየት አለበት» ይላሉ። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቴርሞሜትሩ 9 ዲግሪ አጎደለ ብሎ 100 እንዲያሳይ ያስተካክለዋል። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩ «63» ሲል ወተቱ በእውነት ያለው 54 ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቢቆይም የሚፈለገው ጀርም አይሞትም፤ ወተቱ ግን ፓስቸራይዝ ተደርጓል ተብሎ ለሕፃን ይሰጣል። እኛ ይህን የደረስንበት ወተቱ በሁለተኛው ቀን እየኮመጠጠ ሲመለስብን ነው። መፈተሻው በረዶ ይሁን፤ በረዶ ሰባብራችሁ ከጥቂት ውሃ ጋር በብርጭቆ ቀላቅሉ፣ ቴርሞሜትሩን ሦስት ደቂቃ አቆዩት፣ 0 ማሳየት አለበት። ለእርጎም ከፍታው ለውጥ አለው። «90 ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ» የሚለው አሠራር እዚህ ወተቱን ከመገንፈል አፋፍ ያደርሰዋል፤ 85 ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት ይሻላል። ከዚያ ወደ 43 አውርዳችሁ በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር እርሾ እርጎ ጨምሩ። የደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ እርጎውን መንገድ ላይ ስለሚያስቀረው በወፍራም ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ወይም ገለባ የተጠቀጠቀበት ሣጥን ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጥ።

ሙከራው ገበያ መኖሩን ካሳያችሁ ወደ ማሽን ሂዱ፣ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ ከዚያ ውሃውን፣ በመጨረሻ ማሽኑን። ምግብ ለማቀነባበር የብቃት ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ ተቆጣጣሪው ግድግዳ ሳይቆም የቤቱን ንድፍ ይይላችሁ። ጥሬ ወተት የሚገባበት በርና ያለቀለት ምርት የሚወጣበት በር አንድ ከሆነ፣ ወለሉም ወደ ፍሳሹ ካላዘነበለ ማፍረስ ይመጣል። መብራቱን በተመለከተ፣ ብዙ የወተት ማሽን ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ባለ ሦስት መስመር መብራት ይፈልጋል፤ የተከራያችሁት ቤት ግን አንድ ፌዝ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ማሽኑን አስመጥቶ ቆጣሪ ለማስቀየር መጠበቅ ወራት ይበላል፤ በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይና ወለድ ይቆጥራሉ። ውሃ ለአንድ ሊትር ወተት ቢያንስ ሁለት ሊትር አስቡ፣ አብዛኛው ለእጥበት ነው። የታተመ ፌስታል ለማዘዝም አትቸኩሉ። ማተሚያ ቤት በብዛት ካልሆነ አይቀበልም፣ አንድ ቀን ወይም አንድ ቁጥር ብትለውጡ ክምሩ ሁሉ ይጣላል። የመጀመሪያውን ዓመት በስቲከር ሥሩ።

አሁን ወደ ወተት አሰባሰብ እንምጣ፤ ሰው የምታተርፉበትም የምታጡበትም እዚህ ነው። እያንዳንዷ አቅራቢ ከሁለት እስከ አምስት ሊትር ይዛ ጠዋት መንገድ ዳር ትመጣለች። ለወተት የፕላስቲክ ጄሪካን አትቀበሉ፤ ውስጡ እጅ ስለማይገባ አይታጠብም። የአሉሚኒየም ካን ገዝታችሁ ሂሳቡን ከወተቱ ላይ ቀስ በቀስ ተቀበሉ። ስታጥቡ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፤ ፈላ ውሃ ከቀደመ የወተቱ ፕሮቲን ብረቱ ላይ ይበስልና ይጣበቃል። ከዚያ በሙቅ ውሃና ሳሙና፣ በመጨረሻ ደፍታችሁ አድርቁ።

ሲረከቡ ሁለት ምርመራ ይበቃል። አንደኛው ሁለት ሚሊ ሊትር ወተት ከሁለት ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ጋር ቀላቅሎ መነቅነቅ ነው፤ ከጓጎለ ኮምጥጧል፣ ሲሞቅ ይቋጠራል። ሁለተኛው ላክቶሜትር ነው፣ ወተቱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካ ተንሳፋፊ መሣሪያ፤ በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥሩ ወተት 1.028 እስከ 1.032 ያነባል። 1.030 የነበረ ወተት አሥር በመቶ ውሃ ሲገባበት 1.027 ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው እንበል፤ ወተቱ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ንባቡ በ0.0002 ገደማ ከፍ ይላል፣ በሞቀ ቁጥርም ዝቅ ይላል። በኅዳር ውርጭ በ10 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የገባበት ወተት 1.029 አንብቦ ያልፋል፣ ትክክሉ ግን 1.027 ነው። በተቃራኒው አሁን የታለበ ሙቅ ወተት አረፋና አየር ስለያዘ፣ ቅቤውም ስላልረጋ፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቀጭን መስሎ ይነበባል። ቤቷ ቅርብ የሆነች፣ አልባ ወዲያው ያመጣች ሴት «ውሃ ጨምረሻል» የምትባለው በዚህ ምክንያት ነው። የራቀችው፣ ወተቷ የበረደላት፣ ምንም አትባልም። እኛ በዚህ መንገድ ሁለት ታማኝ አቅራቢዎችን ከሰው ፊት አሳፍረናል፤ በኋላ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ብንጠይቅም አንዷ አልተመለሰችም። ወተቱ ከታለበ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፣ ወደ 20 ዲግሪ ይምጣ፣ ከዚያ አንብቡ። ያን ቀን ጥርጣሬ ቢያድርባችሁም ለብቻዋ ጠርታችሁ ንገሯት።

አንድ ቀን ደግሞ እርጎው ሳይረጋ ወተት ሆኖ ያድራል። እርሾውን አትውቀሱ፤ ጡቷ ታሞ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ገብቶ ይሆናል። አንቲባዮቲክ እርሾውን ይገድላል። መመርመሪያ ኪት ባይኖራችሁ ከየካኑ ትንሽ ወተት በየብርጭቆው ቀድታችሁ አፍሉት፣ ሲለዘብ ለእያንዳንዱ እርሾ ጨምሩና ሙቀት ባለበት አሳድሩ። ሌሎቹ ረግተው አንዱ ካልረጋ የየትኛው ካን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። ለአቅራቢዋ መድኃኒቱ ላይ የተጻፉት፣ ወተቱ የማይሸጥባቸው ቀናት እስኪያልፉ ወተቷን እንዳታመጣ ንገሯት፣ ለእነዚያ ቀናትም ግማሽ ዋጋ ብትከፍሏት ይሻላል። ካልከፈላችኋት በሚቀጥለው ጊዜ አትነግራችሁም። ስለ መኖም ጠይቁ። የሻገተ የኑግ ፋጉሎ የበላች ላም ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ይገባል፤ ማፍላት አያጠፋውም። ፋጉሎ በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ እንዲቀመጥ ማሳሰብ የእናንተ ሥራ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሁዳዴ ይመጣል። ስሌቱን አብረን እናድርገው፣ እንዲቀል ወተቱን በ60 ብር እንያዝ። በቀን 200 ሊትር በ55 ቀን 11,000 ሊትር ነው፣ 660,000 ብር። ለልጆች የሚገዙ ቤተሰቦችና ሆቴሎች ሲሶውን ቢወስዱ የ440,000 ብር ወተት እጃችሁ ላይ ይቀራል። አቅራቢዎቹ ግን በየ15 ቀኑ ክፍያቸውን ይጠብቃሉ። በዚህ ላይ ካፌዎች በ30 ቀን ዱቤ የሚወስዱ ከሆነ፣ ጾም ሳይገባ በፊትም የአንድ ወር ወተት 360,000 ብር ሰው እጅ ላይ አለ፤ ከዚህ በ15 ቀን የአቅራቢዎች ዱቤ 180,000 ሲቀነስ ሌላ 180,000 ብር ያስፈልጋል። ድምሩ 620,000 ብር የሥራ ማስኬጃ ነው። ከማሽኑ ዋጋ የተለየ ነው፣ ማንም አይነካውም። እኛ ያሰባሰብነውን በሙሉ ብረት ገዛንበት፤ ሁዳዴ ሲገባ ሦስተኛውን የ15 ቀን ክፍያ መክፈል አቃተን። አቅራቢዎች ወዲያው ወደ ሌላ ሰብሳቢ ሄዱ፣ ጾም ሲፈታ ደንበኛው መጣ፣ ወተት ግን አልነበረንም።

ያዳነን ፎርማጆ ነው። ከ10 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ይወጣል፣ ሁለት ወር ተቀምጦ ይበስላል፣ በሃምሳው ይሸጣል። ደብረ ብርሃን ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት፤ ሌላው በማቀዝቀዣ የሚያገኘውን 12 ዲግሪ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ክፍል ብዙውን ወር በነጻ ይሰጣችኋል። ወተቱን ፓስቸራይዝ አድርጋችሁ ወደ 32 ዲግሪ አውርዱ፣ እርሾና በ100 ሊትር 20 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሩ፣ ከዚያ ሬኔት የሚባለውን ማርጊያ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን። 40 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ቢላዋ ስትሰኩበት በንጹሕ ከተሰነጠቀ ቁረጡት። ተጨምቆ ከወጣ በኋላ 80 ሊትር ውሃ ላይ 20 ኪሎ ጨው በሟሟበት ውስጥ ባለ ሁለት ኪሎው ፎርማጆ አንድ ቀን ይዋል። ከዚያ መደርደሪያ ላይ በየቀኑ ይገላበጣል። ችግሩ ብርዱ ሳይሆን ደረቁ አየር ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ወለሉን ውሃ አርከፍክፉ፣ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ። በሁለተኛው ቀን እንደ ስፖንጅ ካበጠና በጥቃቅን ቀዳዳ ከተሞላ ካኑ ወይም እጃችሁ ቆሽሿል፤ ያንን አትሽጡት።

ቅቤ ግን ለእናንተ አዋጭ አይደለም ባይ ነኝ። አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ20 እስከ 25 ሊትር ወተት ይሄዳል፣ የቀረው አሬራም በጾም ገዢ የለውም። እናቶቻችን ይህን ሥራ ከእኛ በፊት አውቀውታል፤ በጾም ቤታቸው ንጠው ለፋሲካ ያቆዩታል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ አንድ ወር ቀድማችሁ ለየአቅራቢዋ ንገሩ፦ «እማማ፣ በሁዳዴ ከእርስዎ ከአምስቱ ሁለቱን ሊትር እወስዳለሁ፣ በዚያው ዋጋ፣ ክፍያውም በቀኑ። የቀረውን ለቤትዎ ይናጡት።» ዋጋ አውርዶ ሁሉንም ከመውሰድ፣ ዋጋ ጠብቆ ልኩን መውሰድ ይሻላል። በመጀመሪያው ዓመት እኛ ዋጋ ቀነስን፤ በሁለተኛው ልክ ቀነስን። በሁለተኛው ዓመት ማንም አልሄደብንም።

ወተቱን ወደ ቆላ መላክም አለ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ሙስሊም ደንበኞች አሉ፤ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ስለገጠመ፣ ደጋው ወተት ባቆመበት ሰሞን ለማፍጠሪያ የሚፈለግ ወተት ነበር። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም ይህ አጋጣሚ ሁልጊዜ አይቆይም፤ ከወዲሁ በካሌንደር አስሉት። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ ያልቃል። በአራት ዲግሪ ተነስቶ፣ ካኖቹ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለውና በሸራ ተሸፍነው፣ ማታ ወይም ሌሊት ይነሳ። መንገድ የተዘጋ ቀን ምን እንደምታደርጉበት ግን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለእኛ መልሱ ያን ቀን ወተት በሙሉ ፎርማጆ ማድረግ ነው። ለዚህም ሬኔትና ጨው መጋዘን ውስጥ ሁልጊዜ መኖር አለበት።

ክፍያ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በቴሌብር መክፈል ሂሳብ ለመያዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ የባል ነው፣ ላሟን የምታልበው ደግሞ ሚስት ናት። የወተት ገንዘብ በእኛ አገር የእናት ገንዘብ ነው፣ ጨውና ዘይት የሚገዛበት፣ የልጅ ደብተር የሚገዛበት። ወደ ባል ስልክ ስንልክ የወተቱ መጠን ቀነሰ፣ ለመኖው የሚደረገው እንክብካቤም ላላ። ወተቱን ለሚያመጣው ሰው እጅ በእጅ፣ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ክፈሉ።

በሁለተኛው ዓመት የጀመርነውና ፍሬውን አሁን የምናየው የመውለጃ ወር ማስተካከል ነው። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ነው፤ ወተቷ የሚበዛው ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ነው። በግንቦትና በሰኔ የተዳቀለች በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ትወልዳለች፣ ለፋሲካና ለሃምሳው ትደርሳለች። ከመውለዷ በፊት የምትነጥፍባቸው ሁለት ወራትም ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይወድቃሉ። ይህ የሚሆነው ግን ለደረቁ ወራት መኖ ካለ ብቻ ነው፤ ሣሩ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሳይደርቅ ታጭዶ ድርቆሽ ካልሆነ፣ በመጋቢት የወለደች ላም የገብስ ገለባ ብቻ በልታ ወተት አትሰጥም። እኛ ድርቆሹን በጥቅምት በጅምላ ገዝተን በመጋቢት በገዛንበት ዋጋ ለአቅራቢዎች እንሰጣለን፣ ሂሳቡን ከወተቱ እንቆርጣለን። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርትም ጥሩ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን ካላለቀ ይሻግታል።

የመጨረሻው ሥራ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የሚሠራ ነው። አዲሱ ካሌንደር ሲወጣ የፋሲካውን ቀን ፈልጉና ሃምሳውን ቁጠሩ፤ ከጰራቅሊጦስ ማግሥት እስከ ሐምሌ 4 ያለው የሰኔ ጾም ነው። ፋሲካ ሲቀድም ጾሙ ይረዝማል፣ ሲዘገይ ያጥራል። ስለዚህ ለዚያ ወር ስንት ሊትር እንደምትረከቡ ካለፈው ዓመት አትቅዱ። በካሌንደሩ ላይ ጾሙን በአንድ ቀለም፣ የ15 ቀን የክፍያ ቀኖችን በሌላ ቀለም አስምሩና ወተት መረከቢያው በር ላይ፣ አቅራቢዎችም በሚያዩበት ቦታ ለጥፉት።